ሐረር የቀረችው ሰገነት

ለእጅ ጽሑፌ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ አማርኛ ጽፌ አላውቅም ማለት ይቻላል፤ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ፣ የትኛው «ሰ» የቱ ቃል ላይ እንደሚቀመጥ ድሮም አስተማሪዬ ተቆጥቶ ተቆጥቶ የተወኝ ነገር ነው። ፊደሉ ከመስመር ቢወጣ ብዕሩን የያዝኩት ሌሊቱን ሙሉ መጥረጊያ በያዘ እጅ ስለሆነ ነው። ደግሞ ዓይን አፋር ነኝ፤ «እኔ፣ እኔ» ብዬ ስጽፍ ሰው ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። ስለዚህ «ሰገነት» እያልኩ እንደ ሌላ ሰው ነው የምጽፈው። ሰገነት እኔው ነኝ። በዚህ አገር በዚህ ስም የሚጠራኝ አንድም ሰው ስለሌለ፣ እኔው ልጥራት ብዬ ነው።

ሰገነት ጋደም አለች እንጂ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጠዋት ነው። ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ ሰው ፀሐይን እንደ ባለዕዳ ይሸሻል፤ እሷም መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላለች፣ ብርሃኑ ግን በጠርዙ እየሾለከ ዓይኗ ላይ ይመጣል። በሩን ገርበብ አድርጋዋለች። ስልኩ ኮሪደሩ ላይ ነው፣ የተከራዮቹ ሁሉ የጋራ ነው፣ ሌላ ሰው ቀድሞ አንስቶ «እንዲህ የምትባል የለችም» ብሎ እንዳይዘጋው ትፈራለች። እናቷ ዛሬ ከሐረር ትደውላለች። እዚያ አሁን እየመሸ ነው፣ ፈረስ መጋላ ላይ የታክሲ ረዳቶቹ ይጮሃሉ፣ እናቷ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራዋ እስኪደርስ ትጠብቃለች፣ ያቺ ልጅም አጠገቧ አለች፣ ተጠግታት፣ ትከሻዋን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ። ሰገነት ይህን አታይም፤ ግን ታየዋለች። ባለፈው ሲደዋወሉ እናቷ አንድ ነገር ጠይቃት ነበር፣ «ላስብበት» ብላ ዘጋች፣ ዛሬ መልስ መስጠት አለባት። ስሟን ትሰጣለች ወይስ አትሰጥም? ጥያቄው ይኸው ነው። እንቅልፍ የነሳት ግን ጥያቄው እንኳ አይደለም፤ ያ ትከሻ ነው።

ያቺ ልጅ ለተማርያም ናት፣ የእናቷ የታናሽ እህት ልጅ። አባቷ ከሐረር ወጣ ብላ ባለችው በድሬ ጠያራ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር። እናት አባቷ ተከታትለው ሲሞቱባት የሰገነት እናት፣ ብዙነሽ፣ ሄዳ አመጣቻት። ሁለቱ ልጆች እኩያ ነበሩ፣ ቁመታቸው እንኳ እኩል፣ አቦከር በነበረው ቤታቸው አንድ አልጋ ላይ ይተኙ ነበር፣ ሰገነት በግድግዳው በኩል፣ ምክንያቱም የቤቱ ልጅ እሷ ስለሆነች ሙቁ ቦታ የእሷ ነበር። ከዚያ ንግሥት የምትባል ጅቡቲ የምትኖር የእናቷ የአክስት ልጅ መልእክት ላከች፣ ካናዳ የሚባል አገር ሊወስዱኝ ነው፣ አንዷን ልጅ ላኪልኝና ልጄ ናት ብዬ ይዣት ልሂድ፣ አለች። አንዷን። ሰገነት ማን እንደምትሄድ ለመገመት አልተቸገረችም፤ መጤዋ ትሄዳለች፣ የተወለደችው ትቀራለች፣ እንዲህ ነው የመሰላት፣ እንዲያውም ለለተማርያም አዝናላት ሻሿን ሰጥታት ነበር። እናቷ ግን ሁለት ቀን አንገቷን ደፍታ ቆየችና፣ «የወለድኩትን መላክ እችላለሁ፣ የወለድኩት የራሴ ነው» አለች። «አደራ ግን አይላክም። ነገ እህቴ በሰማይ ቤት ልጄን የት አደረግሽ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?» በቃ። የራስ ልጅ ስለሆነች ተላከች። የሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ እናቷ ቤት ትቀር ነበር። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ስታላምጠው አልዋጥ ይላታል።

የስሙ ነገር የመጣው በቀበሌው ነው። ቀበሌው ቤቱን ቆጥሮ መዝግቧል፣ ብዙነሽና ልጇ ሰገነት ደምሴ። ከተቆጠሩት አንዷ ከጎደለች የት ሄደች ይባላል፣ ከድታ ወጣች ይባላል፣ እናቲቱ ተጠርታ ትቀራለች። ለተማርያምን ግን ከገጠር ከመጣች ጀምሮ ማንም አልመዘገባትም። እናቷ አሰበች አሰበችና ነገሩ ቀላል ሆኖ ታያት፤ ያልተቆጠረችው ትጥፋ፣ የተቆጠረችው ትኑር። ስለዚህ ሰገነት የለተማርያምን ስም ይዛ በባቡር ጅቡቲ ገባች፣ ለተማርያም የሰገነትን ስም ይዛ ሐረር ቀረች፣ እናቷም በዚያው ሰሞን ከአቦከር ለቃ ጀጎል ውስጥ፣ ማን ማን እንደሆነ ከማያውቅ ሰፈር ቤት ተከራየች። ለተማርያም የስድስተኛ ክፍል ፈተና ዕለት ታማ ነበርና አልተፈተነችም፤ በሰገነት ማለፊያ ሰባተኛ ገባች። እስከዚህስ ይሁን። የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሰገነት በትምህርቷ እንደ ነገሩ ነበረች፣ ያለፈችውም ለጥቂት ነው፤ አሁን ግን ሰገነት ደምሴ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች። መምህራኑ ያመሰግኗታል። ጎረቤታቸው ሳፊያ «ማሻአላህ፣ ልጅሽ!» ትላለች። ሰገነት መሆን ከሰገነት ይልቅ ለእሷ ሰመረላት።

ድሬዳዋ ባቡሩ ድረስ የሚያደርሳት አውቶቡስ ሸዋ በር ቆሟል። ጠዋት ነው፣ ያኛውም ጠዋት ነበር፣ ጭነት የሚጭነው ሰውዬ ከላይ ሆኖ ይሳደባል፣ እናቷ ጠጋ ብላ «እንባሽን ዋጪ» ትላታለች። «እናት ልጇን ስትሸኝ ታለቅሳለች፤ እኔ ግን የእህቴን ልጅ ነው የምሸኘው፣ ሰው እያየን ነው።» እናቷ አላለቀሰችም። ጉንጯን ስማት፣ ዘወር ብላ ለሰው በሚሰማ ድምፅ «ለተዬ፣ በደህና ግቢ!» አለቻት። በሌላ ሰው ስም ነው የተሸኘችው። አውቶቡሱ ሲነሳ መስኮት ላይ ሆና ያየችው፣ ለተማርያም የሰገነትን የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳ እጇን ስታውለበልብ ነው።

አሁን ማን ነው ኮሪደሩ ላይ የሚሄደው? የላይኛው ተከራይ ነው፣ ጫማውን እየጎተተ ነው፣ ስልኩ አልጮኸም።

ቅናቷ መጀመሪያ በለተማርያም ላይ እንኳ አልወጣም፣ ወይም ወጥቶ ስሙን አላወቀችውም ነበር። ስሙን ያወቀችው ካቻምና ነሐሴ ላይ ነው፣ በአንድ ነጭ ሰውዬ ምክንያት። ያኔ ንግሥት ገና ባል አግብታ ቶሮንቶ አልሄደችም፣ ሁለቱ አብረው ነበሩ። ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱ አንድ ቀጭን ሰው ማይክራፎን ፊት ተቀምጦ መናገር አቅቶት ዓይኑን ይጠርጋል።

«ማን ሞቶበት ነው?» አለች ንግሥት።

ማንም አልሞተበትም። ግሬትስኪ የሚባል የከተማው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነው፣ ዘጠና ዘጠኝ ቁጥር የሚለብሰው፣ እነሱ የሚኖሩባትን ኤድመንተንን ብዙ ጊዜ ዋንጫ ያስበላ፤ ለሎስ አንጀለስ ሸጠውት እየተሰናበተ ነው።

«ሎስ አንጀለስ ሂድ ተብሎ ነው የሚያለቅሰው?» አለች ንግሥት። «ኧረ እኔን ይሽጡኝ! አንቺን ምራቂ አድርገው ይውሰዱን!»

ሰገነት አልሳቀችም። በማግስቱ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ሻጯ ሴትዮ ዓይኗ ቀልቷል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ጋዜጣ ዘርግተው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከተማው ሙሉ ሐዘን የተቀመጠ ይመስላል። አንድ ሰው ወጥቶ ሲሄድ ከተማ እንዲህ ይሆናል ወይ? እሷ ከሐረር ስትወጣ ማን ምን ሆነ? ጫኚው እንኳ መሳደቡን አላቋረጠም። ሰውዬው በገዛ ስሙ እያለቀሰ ሄደ፣ የሚወዱትም በስሙ አለቀሱለት፣ ሰገነትም ዳቦዋን ይዛ መንገድ ዳር ቆማ በማታውቀው በአንድ ባለጸጋ ሰው ቀናች። ቅናት እንደሆነ ያወቀችው ሆዷ ውስጥ እንደ ብርድ ስለተሰማት ነው።

ኋላ ሆኪ አዳራሹ ውስጥ የጽዳት ሥራ ስታገኝ አለቃዋ ሳኒ የሚባሉ የጀጎል ሰው ሆኑ። ሐረሮች «ጋሼ» እንደማለት «አው» ይላሉና አው ሳኒ ትላቸዋለች። ብርድ ልብስ የሚያህል ካፖርት ለብሰው ይዞራሉ፣ የጀጎልን በሮች እንደሚቆጥሩ የሆኪን ታሪክ ይቆጥራሉ፣ ማን በየትኛው ዓመት ጎል አገባ፣ የትኛው ግብ ጠባቂ ፊቱ ተተርትሮ፣ ተሰፍቶ፣ ጭምብል አድርጎ ተመልሶ ገባ። እሷን «ለተ» ነው የሚሏት፣ ሌላ ስም እንዳላት አያውቁም።

«ዘጠና ዘጠኝ ቁጥርን ለምን ሌላ ሰው አይለብሰውም፣ አው ሳኒ?» አለቻቸው አንድ ቀን፣ ወንበር ሥር የተጣለ ፈንዲሻ እየጠረጉ።

«ማን ደፍሮ! ወላሂ፣ ሳይለብሰው ትከሻው ይንቀጠቀጣል።»

«ሰውዬው ግን ሄዷል።»

«ቢሄድስ? አንቺ ደግሞ! ልጅ ከቤት ቢወጣ በማግስቱ አልጋውን ታከራይበታለሽ?»

ፈንዲሻውን ጠረገች። በግድግዳው በኩል ማን እንደሚተኛ እሷ ታውቃለች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ ዋንጫው ነገሯት። ስታንሊ ዋንጫ ይባላል፣ ያሸነፈ ሰው ሁሉ ስሙ ይቀረጽበታል፣ በብረቱ ላይ ለዘላለም ይኖራል። የኤድመንተን ሰዎች መጀመሪያ ያሸነፉ ጊዜ ግን መግባት የሌለበት አንድ ስም ተቀርጾ ተገኘ፤ መፋቅ አልሆነም፣ በላዩ ላይ የኤክስ ምልክት ደርድረው ደፈኑት።

«ከሥር ግን ስሙ አለ?» አለች ሰገነት።

«የት ይሄዳል? ብረት ነው እኮ!»

«ማን እንደሆነ ይታወቃል?»

«ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ምን አስጨነቀሽ? ያንቺ ስም ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ፣ ሲስቁ የወርቅ ጥርሳቸው ይታያል። እሷም ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን ከሁለቱ ማንኛቸው ላይ ነው ኤክሱ ያለው ስትል ቆየች፤ ሐረር ያለችው ላይ ነው ወይስ እዚህ ያለችው ላይ? ያለቦታዋ የገባችው የትኛዋ ናት?

ትናንት ሰውዬው ተመለሰ። በሎስ አንጀለስ ማሊያ ነው የመጣው፣ በእንግዳ ልብስ፣ ወደ ገዛ ቤቱ። አው ሳኒ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አላስቀመጧትም፤ ዛሬ ታሪክ ይሠራል፣ ኢንሻአላህ፣ ይላሉ። ጎል ያገባና ለጎል ያቀበለ ተጫዋች ነጥብ ይያዝለታል፤ ጎርዲ ሃው የሚባል ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ ተጫውቶ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ አጠራቅሟል፣ ከእሱ በላይ ማንም የለም፣ ዛሬ ግን ሊበለጥ ነው። ሽማግሌው ደግሞ ሊበለጥ መሆኑን እያወቀ ሰሞኑን ከተማ ለከተማ ሰውዬውን ተከትሎ ሲዞር ሰነበተ፣ ያ ሰዓት ሲደርስ እዚያው ልገኝ ብሎ። ሰገነት መጀመሪያ ስትሰማ አላመነችም። የገዛ ቦታውን የሚወስድበትን ሰው ማን ተከትሎ ይዞራል?

መጥረጊያዋን ይዛ ደረጃው አናት ላይ ቆማለች። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፣ ከተማው እየመራ ነው፣ ሰው ካፖርቱን መልበስ ጀምሯል፣ በዚያ መሐል እንደ ኳስ በዱላ የሚመቷት ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ ከአንድ ተጫዋች ገላ ነጥራ እግሩ ሥር ወደቀችለት፣ ሰውዬውም ገልበጥ አድርጎ ሰደዳት፣ መረቡ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ ተነሳ። ጎሉ የገባው በእነሱ ላይ ነው፣ ያገባባቸው ጥሏቸው የሄደው ሰው ነው፣ እነሱ ግን ቆመው ያጨበጭባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አባቶች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ያወጣሉ። ጨዋታው ቆመ፣ በረዶው ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሽማግሌው በሱፍ ልብሱ ወጣ። ሰገነት ሰውዬውን ትታ ሽማግሌውን ነው ያየችው። እዚያ ፊት ላይ አንድ ነገር፣ የአፍ ጥግ ንቅናቄ፣ የዓይን መሰበር፣ አንዲት ትንሽ የእሷን የመሰለ ነገር ለማግኘት ፈለገች፣ እንዳታጣው ፈርታ ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። ሽማግሌው ግን ይስቃል። የሰውዬውን እጅ ይዞ ይስቃል።

«አው ሳኒ፣ አይቀናም?»

«ማ? ሽማግሌው? ምን ብሎ! ደስ ብሎት ነው፣ ጥርሱን አታይም?»

«ጥርስማ ማንም ያሳያል።»

«አንቺ የአቦከር ልጅ፣ ነገር ማክበድ ትወጃለሽ። ስሚ፣ ስሙ እኮ አልጠፋም። ከዛሬ ጀምሮ ልጁን የጠራ ሁሉ እሱንም ይጠራል። ማንን በለጠ ሲባል ማን ይባላል?»

«ሁለተኛ መሆን ነዋ።»

«ያ ረቢ! ሁለተኛ መሆን ምን አለው? እኔ ከስድስት ወንድሞች አምስተኛ ነኝ፣ አልሞትኩም።»

ከዚያ በተጨማሪው ሰዓት ያው ሰውዬ ሌላ ጎል አግብቶ ከተማውን አሸንፎ ሄደ፣ ሰው እያዘነም እየሳቀም ወጣ፣ ሰገነትም የተውትን ኩባያና ወረቀት ስትለቅም አደረች፣ ስትለቅምም ከሐረር ሕዝብ መሐል እሷ ብትመለስ ቆሞ የሚያጨበጭብ ማን እንዳለ ቆጠረች። እናቷን ቆጠረች። እናቷ ግን እንዴት ትቆማለች? ለማን ብላ ትቆማለች? ሰገነት አጠገቧ ተቀምጣለች።

ስልኩ ጮኸ።

ባዶ እግሯን ሮጠች፣ ቀዝቃዛው ወለል አልተሰማትም። የኦፕሬተሯ ድምፅ መጣ፣ «ከሐረር ነው፤ ለተማርያም?» አለች። «አቤት፣ ነኝ» አለች ሰገነት። ኦፕሬተሮቹ ያዳምጣሉ ይባላል፣ እውነት ይሁን ውሸት ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያወሩት ስማቸውን እንደተቀያየሩ ነው፣ እሷም የወለደቻትን እናት «እትዬ» ነው የምትላት።

«ለተዬ! የእኔ ዓለም፣ ደህና ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ። ጉልበትዎ ተሻለዎት?»

«ተሻለኝ፣ ተሻለኝ። ሰገነት ናት የምታሸኝ፣ እጇ መድኃኒት ነው።» ሽቦው ውስጥ ነፋስ የሚመስል ነገር አለፈ። «እንግዲህ ያልኩሽን አሰብሽው ወይ? ሰገነት ዕድሜዋ ደርሷል፣ ቀበሌው መታወቂያ አውጪ ብሏታል። ፎቶ ተነስታለች። ነገ ሄዳ አሻራዋን ታደርጋለች። አሻራ ካደረገች…» አልጨረሰችውም። ሰገነት ጨረሰችው፣ በልቧ፤ አሻራ ካደረገች አይመለስም። ከዚያ በኋላ ሰገነት ደምሴ ያቺ ናት፣ በፎቶ፣ በጣት፣ በማኅተም። ዘመኑ ቢለወጥ እንኳ፣ እሷ አንድ ቀን ሐረር ብትመለስ እንኳ፣ እንግዳ የእህት ልጅ ሆና ነው የምትመለሰው።

«ባታወጣስ?» አለች።

«ባታወጣማ… ያው የድሬ ጠያራዋን ልጅ አዲስ ናት ብዬ አስመዘግባለሁ፣ የሚመጣውን እችለዋለሁ። ትምህርቷ ግን በዚያ ስም አይደለም። እንግዲህ ከስድስተኛ ትጀምራለች። እኔ አንቺን ሳልጠይቅ አላደርገውም ብዬ ነው። ያንቺ ነገር ነው፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው።» ከዚያ ራቅ ካለ ቦታ አንድ ድምፅ «እማዬ፣ እስቲ ስጪኝ፣ እኔ ላናግራት» ሲል ተሰማ። እማዬ። ያ ቃል ከሰገነት አፍ ከወጣ ስንት ጊዜ ሆነው። ያች ልጅ እንደ ውኃ ነው የምትጠራው።

«ለተ» አለቻት ለተማርያም፣ በገዛ ስሟ።

«አቤት፣ ሰገነት» አለች ሰገነት።

«ፎቶ ተነሳሁልሽ፣ አፍንጫዬ ድንች መስሎ ወጣ።»

«አፍንጫሽ ድሮም ድንች ነው፣ ፎቶ አንሺው ምን ያድርግ?»

ሁለቱም ሳቁ፣ አልጋው ላይ እንደሚስቁት፣ ከዚያ ሳቁ ባንድ ጊዜ አለቀ።

«ስሚኝ» አለች ለተማርያም፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሺ ካላልሽ አላወጣም። ስድስተኛ ክፍል ገብቼ ከሕፃናት ጋር እቀመጣለሁ፣ ጉልበቴ ዴስኩን ያነሳዋል እንጂ አልሞትም። ግን ንገሪኝ። ባለፈው ዝም ብለሽ ዘጋሽብኝ፣ እማዬም ስታለቅስ አመሸች።»

«በማን ምክንያት?»

«በሁለታችንም።» «አንቺ እኮ ይቀኑብሻል» አለች። «ስሜ ባሕር ተሻግሮ በረዶ አገር ገባ፣ እኔ ራሴ ግን ድሬዳዋን አላለፍኩም። ማታ ማታ አሁን ለተ ምን እያደረገች ነው እላለሁ።»

«ወለል ትጠርጋለች።»

«ይሁን፣ የካናዳ ወለል ነው።»

ሰገነት ግድግዳውን ተደገፈች። መጠየቅ ያልፈለገችው ነገር ከአፏ ወጣ። «ጠጉርሽን አሁንም እሷ ናት የምትሠራሽ?»

«እሁድ እሁድ።» ለተማርያም ገባት መሰለኝ።

እንቢ ማለት ትችላለች። አንዲት ቃል ናት። እንቢ ብትል ያ ሁሉ አንደኛነት ይፈርሳል፣ መምህራኑ ያመሰገኗት ሰገነት የለችም ይባላል፣ ሳፊያ «ማሻአላህ» ማለቷን ትተዋለች፣ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ማንም አይለብሰውም። ምላሷ ላይ ነበር። ጣዕሙ እንኳ ተሰምቷታል፣ ጣፋጭ ነበር።

«አውጪው» አለች።

«ምን አልሽ? አልሰማሁም፣ ይንኮሻኮሻል።»

«መታወቂያውን አውጪው። ነገ ሂጂና አውጪ። ይሁንልሽ።»

ለተማርያም «እማዬ፣ አውጪው አለችኝ!» አለች፣ ከዚያ የእናቷ እልልታ መጣ፣ ቴሌ ቤት መሐል፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሌላ ሰው «እናቴ፣ እዚህ ሰርግ አይደለም!» ሲላት ሰዎች ሲስቁ ተሰማ፣ እናቷም እየሳቀች እየተነፋረቀች «ሰገነቴ!» አለች፣ «ሰገነቴ፣ ተባረኪ!» ሰገነት «አቤት» አለች። እዚያም «አቤት» ተባለ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

አሁን አልጋዋ ላይ ተመልሳለች፣ እግሯ ቀዝቅዟል። ነገ ለአው ሳኒ ብትነግራቸው «የአባትሽ ልጅ! ትልቅ ሰው ሆንሽ!» ይሏታል፣ ንግሥትም ከቶሮንቶ ደውላ ትመርቃታለች፣ ሐረር ላይ ደግሞ ዛሬ ማታ ስለ እሷ ደግነት ይወራል። ደግነት አይደለም፣ ዕዳ ነው። እሺ ያለችበትን ምክንያት የሚያውቅ የለም። ለንግሥትም፣ ለአው ሳኒም፣ ለነፍስ አባትም ነግራ አታውቅም፣ አሁንም ብትጽፈው ይሻላል እንጂ በአፏ አትለውም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ለተማርያም በታይፎይድ ወድቃ ነበር። እናቷ ያለ ቀጠሮ ደወለች፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም፣ «ሰገነቴ ልትሞትብኝ ነው!» ብላ ጮኸች፣ «ሰገነቴ፣ ሰገነቴ፣ ልጄን፣ የሆዴ ፍሬ!» እያለች እንደ ሕፃን አለቀሰች፣ ኦፕሬተሯ እንኳ «አይዞዎት» አለቻት። እኔ እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ይዣለሁ። «እግዚአብሔር ይማራት» አልኩ፣ ማለት ያለብኝን ሁሉ አልኩ። ሆዴ ግን ሞቀኝ። እናቴ በስሜ ስታለቅስ በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ስልኩ ሲዘጋ አልጋዬ ሥር ተንበርክኬ፣ እመቤቴ፣ አትግደያት አልኩ፤ ግን ቶሎም አታድኛት፣ እናቴ አንድ ጊዜ ደግማ ትደውል።